ተሸማቆ የሚቀመጥ ልጅ ያለበትን ክፍል ማስተካከል፦ ለመምህራን የ6 ሳምንት የአሠራር መመሪያ

«አጥፊው ተቀጣ፣ ይቅርታም ጠየቀ፣ ስድቡም ቆመ። ታዲያ ተበዳዩ ልጅ ለምን አሁንም አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል?» ከመምህራን የሚመጣልን ጥያቄ ቃላቱ ይለያዩ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። መልሱ ያለው ሁለቱ ልጆች ዘንድ ሳይሆን ከቀሩት ሠላሳና አርባ ልጆች ዘንድ ነው። ልጁ ስድቡን ሊረሳው ይችላል፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን ፊቱን እንዳዞረ፣ መምህሩም እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ማለፉን ግን በቀላሉ አይረሳም። አንድ ዓይነት ቅጽል ስም በአንዱ ክፍል ለሁለት ቀን አናድዶ ሲያልፍ፣ በሌላው ክፍል ልጁን ከትምህርት ገበታ እስከ ማስቀረት የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር ከ8 እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ተማሪዎች ለያዘ የክፍል ኃላፊ መምህር የተዘጋጀ ነው። ስለ ቅጣት ብዙ አይናገርም። የሚያሳየው ክፍሉ የልጁን ቁስል እንዳያሰፋው ምን ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

በቅድሚያ፦ ጉልበተኝነት ነው ወይስ ጠብ?

ጉልበተኝነት (ብዙዎች ቡሊንግ ይሉታል) የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፦ ሆን ተብሎ ሲደረግ፣ ሲደጋገም፣ ተበዳዩም ራሱን ለመከላከል አቅም ሲያንሰው። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ እንዳይመስልዎት። የጓደኛ ብዛት፣ ዕድሜ፣ የአንደበት ቅልጥፍና፣ የቤተሰብ ኑሮ ሁሉ አቅም ነው። አቅማቸው የተመጣጠነ ሁለት ልጆች ዛሬ ተጣልተው ነገ አብረው ከተጫወቱ ጉዳዩ ጠብ ነው፤ ማስታረቅ ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን ጠብ በዚህ መመሪያ ለመፍታት መሞከር ነገሩን ከማጋነን ሌላ ጥቅም የለውም። ማግለል ግን፣ ማለትም ከጨዋታ ማስወጣት፣ ልጁ ሲመጣ ወሬ ማቋረጥ፣ አጠገቡ ላለመቀመጥ መገፋፋት፣ ድምፅ ስለሌለው ከመምህር ዓይን ያመልጣል እንጂ ራሱን የቻለ ጉልበተኝነት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ የማስታወሻ ደብተር፣ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ። መምህር ጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደ ደብተር በአንድ የዕረፍት ሰዓት ውስጥ ሊነበብ ይችላል።
- ለእያንዳንዱ ተማሪ 2 ቁራጭ ወረቀት። አንድ ኤ4 ለ4 ይቆረጣል፤ ለ40 ተማሪዎች 20 ኤ4 ይበቃል። በ6ኛው ሳምንት ስለሚደገም ሌላ 20 ያስቀምጡ።
- ለሁሉም አንድ ዓይነት እርሳስ። ቀለሙ የተለየ እስክሪብቶ ጸሐፊውን ያጋልጣል።
- 2 ትልልቅ ኤንቨሎፖች።
- ባዶ የመቀመጫ ካርታ፣ 6 ቅጂ፣ ለየሳምንቱ አንድ።
- ጊዜ፦ በቀን 5 ደቂቃ ለማስታወሻ፣ በሳምንት 15 ደቂቃ ለልምምድ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ለመጠይቁ አንድ አንድ ክፍለ ጊዜ።
- በዚያው ክፍል የሚያስተምሩ ቢያንስ 2 ባልደረቦች። እርስዎ የከለከሉትን ቅጽል ስም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሌላው መምህር እየሳቀ ከጠራው ሥራዎ ውኃ በላው ማለት ነው።

አሠራሩ

1. ለ5 የትምህርት ቀናት ምንም ሳይቀይሩ ይመልከቱ።

ጉዳት ሲደርስ ካዩ ያስቁሙ፤ ከዚያ ውጭ መቀመጫም ደንብም አይለውጡ። ትኩረትዎን በአምስት ቅጽበቶች ላይ ያድርጉ፦ ስም ሲጠራ፣ ተማሪ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ቡድን ሲመሠረት፣ ደብተር ሲሰበሰብ፣ አንዱ መምህር ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ክፍተት።

የሚያዩት ነገር ይህን ይመስላል። አንድ ልጅ ቆሞ እያነበበ አንድ ቃል ላይ ይንተባተባል። ከኋላ አንዱ ቃሉን በተመሳሳይ መንተባተብ ይደግመዋል። የመምህር ዓይን ወዲያው ወደ ደጋሚው ይሄዳል፤ እርስዎ ግን ሌላ ቦታ ይመልከቱ። ደጋሚው ቃሉን እንደጨረሰ ወደ ግራና ቀኝ ዞር ይላል፤ ሳቅ እየለቀመ ነው። ሦስት ልጆች ይስቃሉ፣ አንዷ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ አንዱ እርሳሱን መቅረጽ ይጀምራል፣ የቀሩት ደብተራቸው ላይ ያፈጣሉ። አንባቢው ሦስት መስመር ዘሎ በፍጥነት ይጨርስና ይቀመጣል። ሁሉም ነገር አራት ሰከንድ አልፈጀም።

ማታ ደብተርዎ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ ምን ተባለ፣ ማን ሳቀ፣ አጥፊው ማንን አየ፣ እርስዎ ምን አደረጉ። አራተኛውን መዝለል ያጓጓል፤ አይዝለሉት። በደረጃ 4 የሚያስፈልግዎ እሱ ነው።

2. መጠይቁን ያስሞሉ (20 ደቂቃ)።

ሁለት ወረቀት የሚሰጠው ሁለቱ መረጃዎች የተለያየ ምሥጢርነት ስላላቸው ነው። ስም በሌለው ላይ ልጆች እውነቱን ይጽፋሉ፤ የጓደኝነት ካርታ ለመሥራት ግን ስም የግድ ነው።

ወረቀት ሀ፣ ስም የማይጻፍበት፦

- ባለፉት 2 ወራት ሌሎች ልጆች ስንት ጊዜ ሰድበውሃል፣ መትተውሃል ወይም አግልለውሃል? (ጨርሶ / 1 ወይም 2 ጊዜ / በወር 2 ወይም 3 ጊዜ / በሳምንት አንዴ / በሳምንት ብዙ ጊዜ)
- የት ነበር?
- እዚያ የነበሩ ሌሎች ልጆች ምን አደረጉ?
- ለትልቅ ሰው ነግረሃል? ከዚያስ ምን ሆነ?
- በዚህ ክፍል ውስጥ ደስ የሚልህን ነገር በ3 መስመር ጻፍ።

ወረቀት ለ፣ ስም የሚጻፍበት፦ አብረሃቸው መቀመጥ የምትወዳቸውን 3 ልጆች ጻፍ።

የመጨረሻው የ3 መስመር ጥያቄ ለጌጥ የገባ እንዳይመስልዎት። እሱ ከሌለ ያልተነካ ልጅ በአንድ ደቂቃ ጨርሶ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ የተበደለው ብቻ እየጻፈ ይቀራል፤ ክፍሉም ማን እንደሚጽፍ ያያል። ሁሉም ልጅ ለረጅም ጊዜ መጻፍ አለበት። ወረቀቱን ተማሪ አይሰብስብ፣ የክፍል አለቃም ቢሆን። እያንዳንዱ ልጅ አጥፎ ራሱ ኤንቨሎፑ ውስጥ ይክተት።

«የማትወደውን ልጅ ጻፍ» የሚል ጥያቄ ፈጽሞ አያስገቡ። ልጆቹ ከክፍል እንደወጡ ይነጋገሩበታል፤ መጠይቅዎ ራሱ የማግለያ መሣሪያ ይሆናል። ጽሕፈት ለሚከብዳቸው ልጆች ጥያቄዎቹን ለየብቻ፣ ለእያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ ሰጥተው በቃል ይጠይቁ። ሲያደርጉም ሁሉንም ልጅ ይጥሩ፤ የተጠረጠሩትን ብቻ መጥራት ጣት መቀሰር ነው።

3. ካርታውን ይሥሩ፣ ከዚያ ይቁጠሩ።

በመቀመጫ ካርታው ላይ ከእያንዳንዱ ልጅ ወደ መረጣቸው 3 ልጆች ቀስት ያስምሩ። ሥዕሉ መጀመሪያ የተጠላለፈ ክር ይመስላል፤ ግማሽ ሰዓት ይታገሱት። ለምሳሌ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ 3 ቀስት ልካለች፤ ወደ እሷ የመጣ ግን የለም። ሁለት ዴስክ ወደ ኋላ ወዳለው ልጅ 9 ቀስት መጥቷል፤ በደብተርዎ ላይ ደግሞ ስሙ በአጥፊነት ተደጋግሞ ተጽፏል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉልበተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ የተጠላ ሳይሆን ተወዳጅ ነው። ሌሎቹ የሚስቁት ቀልዱ ስላሳቃቸው ሳይሆን ከእሱ ወገን መሆን ስለሚፈልጉ ነው፤ ለዚህ ነው እሱን ብቻ መቅጣት ሳቁን የማያቆመው።

ቀስት ያልመጣለት ልጅ ሁሉ ተበዳይ ነው ማለት ግን አይደለም። ብቻውን መሆን የሚመርጥም አለ። ካርታውን ከማስታወሻዎ ጋር ያስተያዩ።

ቀጥሎ በወረቀት ሀ ላይ «በወር 2 ወይም 3 ጊዜ» እና ከዚያ በላይ ያሉትን ይቁጠሩ። በዘርፉ ተደጋጋሚ ጥቃትን ለመለየት የሚሠራበት መነሻ ይኸው ነው። ቁጥሩ የሚቀጥለውን መንገድዎን ይወስናል፦

- ብዙ ከሆኑ (ከ5 ልጆች አንዱ ገደማ) ክፍሉ በጥቅሉ ታሟል። ከደረጃ 4 ጀምረው በተራ ይሂዱ።
- አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ «ክፍሌ ደህና ነው» ብለው አይዘናጉ። ደረጃ 8ንና 9ን በዚያው ሳምንት ያስቀድሙ።

ሁለተኛው ምክር የተገላቢጦሽ ሊመስል ይችላል። ተመራማሪዎች «የጤናማ ዐውድ ተቃርኖ» የሚሉት ነገር አለ፦ ጉልበተኝነት ባነሰበት ክፍል ውስጥ የቀረው አንድ ተበዳይ፣ ብዙ ተበዳይ ባለበት ክፍል ካለው ልጅ ይልቅ ሊከፋው ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አሥር ልጅ ሲሰደብ እያንዳንዱ «እነሱ ባለጌ ናቸው» ይላል። አንድ ልጅ ብቻ ሲሰደብ፣ መምህሩም ደግ፣ ሌሎቹም እርስ በርስ ተዋዳጅ ከሆኑ፣ ለልጁ የሚቀረው ማብራሪያ «ችግሩ እኔ ነኝ» የሚለው ነው። የሚያጽናናው የዕጣ ተጋሪም የለውም።

4. የራስዎን አንደበት ይፈትሹ።

ማስታወሻዎን በደረጃ 1 ከጻፉት አራተኛ ነገር፣ «እርስዎ ምን አደረጉ» ከሚለው አንጻር ያንብቡ። ተማሪዎች ማንን መንካት እንደሚፈቀድ የሚማሩት ከመምህር ነው። የሚከተሉትን ለ6 ሳምንት ያቁሙ፦ ውጤትን በስም ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ተማሪን በመልኩ፣ በአነጋገሩ ወይም በዝግታው መጥራት («ቀርፋፋው» ማለት በፍቅርም ቢሆን)፣ አንዱን ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር ማወዳደር፣ ክፍሉን ለማሳቅ በአንድ ልጅ ላይ መቀለድ። የመምህር ቀልድ ለክፍሉ ፈቃድ ነው። ሁለቱን ባልደረቦችዎንም በዚሁ ያስማሙ።

5. የሚያጋልጡ ደቂቃዎችን ይዝጉ።

*ቡድን።* «ከፈለጋችሁት ጋር ሁኑ» አይበሉ፤ ሁለት አለቃ ቆሞ እየመረጠም አይሁን። መጨረሻ ላይ ሳይመረጥ የሚቀረው ልጅ በየሳምንቱ በአደባባይ ድምፅ እየተሰጠበት ነው። «1፣ 2፣ 3፣ 4» እያሉ ማስቆጠርም አይበቃም፤ ልጆች ቦታ ተቀያይረው ያጭበረብራሉ። ዝርዝሩን ከቤት ጽፈው ይምጡ፣ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ፣ በየ2 ሳምንቱ ይቀይሩ። በቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የተለየ ሥራ ይኑረው፦ አንባቢ፣ ጸሐፊ፣ ሰዓት ጠባቂ፣ አቅራቢ። ሥራ የሌለው ልጅ ለመገለል የተመቸ ነው።

*መቀመጫ።* አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ተበዳዩን ለብቻው ነጥሎ ከመምህሩ ጠረጴዛ ፊት ማስቀመጥ ለክፍሉ የሚያስተላልፈው መልእክት «ችግሩ ያለው እሱ ጋ ነው» የሚል ነው። ይልቁንም፦

- የመላውን ክፍል መቀመጫ በአንድ ቀን ይቀይሩ፤ የማን ምክንያት እንደሆነ እንዳይታወቅ።
- አጥፊውን ከአጫፋሪዎቹ ይለያዩ። ዞር ሲል የሚስቅለት እንዳያገኝ ፊት ለፊት፣ በረጋ ልጆች መካከል ይቀመጥ።
- ተበዳዩ መካከለኛ ረድፍ ላይ፣ በካርታው መሠረት እሱ ከመረጣቸው ወይም እሱን ከመረጡት አንዱ አጠገብ ይሁን። የኋላ ጥግ እና በሩ አጠገብ አይሆንም፤ የወጣ የገባ ሁሉ ይነካካዋል።

*ክፍተት።* ወረቀት ሀ ላይ «የት ነበር?» ለሚለው የተሰጡትን መልሶች ይደምሩ። ከሁለት ሦስት ቦታ አይበልጡም፤ ደረጃ፣ መጸዳጃ፣ የመምህር መቀያየሪያ ሰዓት። ባልደረቦችዎን ያስተባብሩና በእነዚያ ደቂቃዎች ትልቅ ሰው በቦታው ይቁም።

6. የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ይለማመዱ።

ሲሰሙ ዝም ካሉ፣ ክፍሉ ዝምታዎን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል። በብስጭት ከጮሁ ደግሞ አጥፊው ጀግና ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሀ. ድምፅዎን ሳያነሱ ያቁሙ፦ «ይቁም። እዚህ ክፍል ሰው ሲያነብ አናሾፍም።» ድርጊቱን ይጥሩ እንጂ ልጁን «ባለጌ» አይበሉት።

ለ. ዓይንዎን ከአጥፊው አንስተው ወደ ሳቁት ይመልሱ፦ «ሳቅም ተሳትፎ ነው።» ይበቃል፤ ስብከት አይጨምሩ።

ሐ. ትምህርቱን ይቀጥሉ። አንባቢውን «ከየት ነበር? ከሁለተኛው አንቀጽ፣ ቀጥል» ብለው በተለመደ ድምፅ ያስጨርሱት። ተሸንፎ እንዳይቀመጥ ይረዳዋል። እንባው ከመጣ ግን አያስገድዱት፤ ወደሚቀጥለው አንባቢ ይለፉ።

መ. «ደህና ነህ? ተከፋህ?» ብለው በሁሉም ፊት አይጠይቁ። ልጁ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር ይከብደዋል።

ሠ. ሁለቱን ለየብቻ በዚያው ቀን ያነጋግሩ።

ረ. ይጻፉት።

7. ተመልካቾቹን ያሠልጥኑ (በሳምንት 15 ደቂቃ፣ ለ4 ሳምንት)።

የክፍሉን ስሜት የሚለውጠው ይህ ደረጃ ነውና ለሌላው ጊዜ ቢያጥርዎ እንኳ እዚህ ላይ አይቆጥቡ። በካናዳ ትምህርት ቤቶች ግቢ በቪዲዮ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ ከ100 የጉልበተኝነት ድርጊቶች በ88ቱ ሌሎች ልጆች በቦታው ነበሩ፤ ጣልቃ የገቡት ግን በ19 በመቶው ብቻ ነው። ጣልቃ ሲገቡ ታዲያ ከግማሽ በላይ በሚሆነው፣ ማለትም 57 በመቶ፣ ድርጊቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ልጆች አቅሙ አላቸው፤ የሚጎድላቸው ምን እንደሚደረግ ማወቅና ብቻቸውን አለመሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሚናዎቹን በስም ያሳውቁ። አጥፊ፣ አጫፋሪ (አብሮ የሚነካካ)፣ ሳቂ (ዳር ሆኖ የሚያሟሙቅ)፣ ዝም ያለ፣ ተከላካይ። «አንተ የትኛው ነህ?» ብለው አይጠይቁ። በምናብ የተፈጠረ ታሪክ አንብበው ሚናዎቹን ያስለዩ። የታሪኩ ልጅ በክፍሉ ካለ ልጅ ጋር በመልክም በሁኔታም እንዳይመሳሰል ይጠንቀቁ።

ሁለተኛው ሳምንት፦ አራት ትንንሽ ድርጊቶች ያስተምሩ። አለመሳቅ። ሄዶ ከተበዳዩ አጠገብ መቆም። «ና፣ እንሂድ» ብሎ ይዞት መሄድ። ለትልቅ ሰው መንገር። ከአጥፊው ጋር መጋፈጥ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፣ አደጋ አለውና።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ልምምድ። ጥንድ ጥንድ ሆነው «ና፣ እንሂድ» የሚለውን አሥር ጊዜ ይበሉት። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፤ ይተዉአቸው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ይረጋጋሉ። በአፍ ያልወጣ ቃል በጭንቅ ሰዓት አይገኝም። ተበዳዩ በልምምዱ የተበዳይን ሚና አይያዝ፤ አጥፊውም የአጥፊን።

አራተኛው ሳምንት፦ በማሳበቅና በማሳወቅ መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዱ። ልጆች እንዲህ ሲባሉ ይገባቸዋል፦ «ማሳበቅ አንድን ሰው ለማስቀጣት ነው። ማሳወቅ አንድን ሰው ከጉዳት ለማውጣት ነው።» ይህ ካልተነገረ «አሳባቂ» የሚለው ስድብ አፍ ሁሉ ያዘጋል።

ተከላካይ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ይሁን። ብቻውን የተከላከለ ልጅ ቀጣዩ ዒላማ የመሆን ዕድል አለው።

8. ተበዳዩን ለብቻው ያነጋግሩ (10 ደቂቃ)።

ሌሎች በማያዩበት፣ ግን በሩ ክፍት በሆነ ቦታ። ከክፍል ጠርተው አያስወጡት፤ ደብተር እንዲያመጣ ወይም ጠመኔ እንዲያቀብል በሚል ምክንያት ይምጣ። ከጎኑ ይቀመጡ እንጂ በጠረጴዛ ማዶ አይሁኑ።

መጀመሪያ ያዩትን ይናገሩ፦ «ትናንት ስታነብ ሲያሾፉ ሰምቻለሁ። ትክክል አልነበረም፤ ጥፋቱም ያንተ አይደለም።» ይህን ዓረፍተ ነገር አይዝለሉ። ልጁ በውስጡ የሚያብሰለስለው «ምን ቢኖርብኝ ነው?» የሚል ነውና። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ የሚከብድህ የትኛው ሰዓት ነው? ያኔ አጠገብህ ማን ቢኖር ይሻልሃል? እኔ ምን ባደርግ ይረዳሃል፣ ምን ባላደርግስ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቅ መልስ አለው፤ «ስሜን አይጥሩ» የሚል ልጅ አለ።

ከአፍዎ እንዳይወጡ፦ «ምን አድርገኸው ነው?»፣ «ችላ በለው»፣ «አንተም ጠንከር በል»። ሦስቱም ሸክሙን መልሰው ልጁ ላይ ይጥላሉ። ሲለያዩ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀኑን ጠቅሰው ይንገሩት፣ ቀኑንም አይለፉ። ተናግሮ ምንም ሳይደረግለት የቀረ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

9. አንድ ጓደኛ ያመቻቹ።

ክፍሉን በሙሉ ማስወደድ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አንድ እውነተኛ ጓደኛ መኖር ብቻውን የጉልበተኝነትን ጉዳት በጣም ያለዝባል። ከካርታው ላይ ልጁ የመረጠውን ወይም እሱን የመረጠውን ረጋ ያለ ልጅ ይፈልጉ። ሁለቱንም የሚጠይቅ ሥራ ይስጧቸው፦ የመጻሕፍት መደርደሪያ መቆጣጠር፣ የክፍሉን የግድግዳ ጋዜጣ ማዘጋጀት፣ ለታናናሽ ክፍል ተማሪዎች ማንበብ። ቢያንስ ለ3 ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ ያነሰው ለመተዋወቅ አይበቃም። «ጓደኛ ሁነው» ብለው ልጁን አያዝዙት። በትእዛዝ የመጣ ጓደኛ ትእዛዙ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ተበዳዩም ያውቀዋል።

10. አጥፊውንና ወላጆችን ለየብቻ ያነጋግሩ።

አጥፊውን ሲያነጋግሩ ያዩትን ይንገሩት፣ ምን እንደማይፈቀድ ይግለጹ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያደርግ ከራሱ አፍ ይስሙ። «እሱ ነው የከሰሰህ» የሚመስል ፍንጭ አይስጡ፤ ምንጩ የእርስዎ ዓይን ይሁን። የሁለቱን ልጆች ወላጆች በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ማገናኘት ብዙ ጊዜ የልጆቹን ጉዳይ የትልልቆች ጠብ ያደርገዋል።

11. ይከታተሉ፣ በ6ኛው ሳምንት መልሰው ይለኩ።

ተበዳዩን በ2ኛው ቀን፣ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት ለ2 ደቂቃ ያናግሩት። በ6ኛው ሳምንት ሁለቱንም ወረቀቶች በድጋሚ ያስሞሉ፤ «ባለፉት 2 ወራት» የሚለውን «ባለፈው 1 ወር» ብለው ይለውጡ፣ አለበለዚያ የድሮው ጥቃት አብሮ ይቆጠራል። ሦስት ነገር ያወዳድሩ፦ ተበደልኩ ያሉት ብዛት፣ «ሌሎቹ ምን አደረጉ» ለሚለው የተሰጠው መልስ፣ ወደ ልጁ የመጡ ቀስቶች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አቤቱታ ቢበዛ አይደንግጡ። ልጆች መናገር ጀመሩ ማለት ነው። ስድቡ ቀንሶ «ሌሎቹ ሳቁ» የሚለው መልስ ካልተለወጠ ግን ወደ ደረጃ 7 ይመለሱ።

ማስጠንቀቂያ

- ልጁ መሞት እንደሚፈልግ፣ ራሱን መጉዳት እንዳሰበ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ነገር ከተናገረ ወይም ከጻፈ፣ ይህን መመሪያ ወደ ጎን ይተዉ። ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ሰዓት ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወላጅና ለጤና ባለሙያ ያሳውቁ። መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብለው አይፍሩ፤ በቀጥታና በእርጋታ ይጠይቁ።
- «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። «ለመርዳት ለሚያስፈልጉ ሰዎች ብቻ እናገራለሁ፣ ከመናገሬ በፊትም አሳውቅሃለሁ» ይበሉ።
- የአካል ጉዳት፣ ወሲባዊ ንክኪ ወይም ገንዘብ መቀማት ካለ ጉዳዩ ከክፍል ኃላፊ በላይ ነው። በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካል ይተላለፍ።
- ልጁ ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ወይም ራሱን ካመመው ወይም ውጤቱ በድንገት ካሽቆለቆለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው።
- በስልክ የሚላክ ስድብ ወይም ፎቶ ካለ እንዳያጠፉት ይንገሩ። ማስረጃ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

የተለመዱ ስህተቶች

*በዚያው ቀን ማስታረቅ።* አቅማቸው የማይመጣጠን ልጆችን እኩል እንደተጣሉ አድርጎ «ተጨባበጡ» ማለት ተበዳዩን ይቅርታ እንዲያደርግ ማስገደድ ነው። ካሜራ ፊት እንደቆመ ሰው ይጨባበጣሉ፤ ከበሩ ሲወጡ ጥቃቱ ይቀጥላል። ተበዳዩ ራሱ ካልጠየቀ በቀር ከ6ኛው ሳምንት በፊት ፊት ለፊት አያገናኟቸው።

*ክፍሉን ሰብስቦ በተበዳዩ ስም መምከር።* «እከሌን አትንኩት፣ ችግር አለበት» የሚል ምክር ልጁን የክፍሉ ምስኪን ያደርገዋል። ሐዘኔታ መገለልን በሌላ መልክ ያመጣዋል።

*ደንብ አብዝቶ መለጠፍ።* ሃያ መስመር ያለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ደንብ አንባቢ የለውም። ሦስት ይበቃል፣ እያንዳንዱም ምን እንደሚደረግ የሚናገር ይሁን፦ «ሰው ሲያነብ እናዳምጣለን» ይሠራል፤ «መሳደብ ክልክል ነው» ብቻ ግን ማግለልን አይነካም።

*ተበዳዩን የክፍል አለቃ ማድረግ።* በቅን ልቦና ይደረጋል። ስም እየመዘገበ የሚያስቀጣ ልጅ ግን ጠላቱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

*በ3ኛው ሳምንት ማቆም።* ፀጥታው ሲመጣ ልምምዱ ይተዋል። በዚያ ሰዓት አጫፋሪዎቹ ዝም ያሉት ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እያዩ ስለሆነ፣ መምህሩ ሲዘናጋ ሳቁ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ያ ልጅም የደረጃ 8ን ንግግር ሁለተኛ አያምንም።